ሦስት ጣት ከፍታ ለጀልዱ መንገድ

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ወር አንድ ጎረቤቴ መኪናውን ከፍ አስደርጎ ከአዲስ አበባ መጣ። ደጄ ላይ አቁሞ እንድመለከትለት ጠራኝ። ወገቤ እንደ ድሮው አልታዘዝ ቢለኝም ተንበርክኬ ከሥሯ አየሁ። ባሌስትራው አዲስ ነው፣ ንጥረቱን የሚያረጋጋው አሞርዛተሩም አዲስ ነው፣ ሁሉም ተለክቶ በአንድ ካርቶን ታሽጎ የመጣ ነው። ሥራው ንጹሕ ነበር፤ ነቀፋ ፈልጌ አላገኘሁም። ምን ያህል ጭነት እንደምትጭንና በየት በኩል እንደምትመላለስ የጠየቀው ሰው እንዳለ ብጠይቀው፣ ጠዋት ሰጥቶ ከሰዓት በኋላ እንደተረከባትና የተጠየቀው የሚፈልገውን ከፍታ ብቻ እንደሆነ ነገረኝ። መርቄ ሸኘሁት።

ቤት ገብቼ ግን ቀኑን ሙሉ ሌላ ነገር መሥራት አልቻልኩም። እኛ አንዲት መኪና ሦስት ጣት ከፍ ለማድረግ ስምንት ቀን ፈጅተን ነበር። ከእነዚያ ስምንት ቀናት የሚበልጥ ቀን በሥራ ዘመኔ አላየሁም። ከእነሱ በፊት እንደነበረው አንድ ወር ያለ መጥፎ ጊዜም አላየሁም። ልጆቼ ጻፈው ሲሉኝ ኖረዋልና ይኸው።

የእንጭኒ ልጅ ነኝ። አባቴ እህል ነጋዴ ነበር፤ እኔን ግን ከእህሉ ይልቅ እህሉን የሚጭነው መኪና ይስበኝ ነበር። አዲስ አበባ ሁለት ዓመት መካኒክነት ተምሬ፣ አብዮቱ በፈነዳ በሁለተኛው ዓመት ለአንድ የመንግሥት ጋራዥ ተመደብኩ። የምደባ ደብዳቤዬ «ሀገረ ሕይወት» ይላል። አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው የት እንደምወርድ ሲጠይቀኝ ይህንኑ ብነግረው ትንሽ አሰበና «አምቦ ማለትህ ነው» አለኝ።

ጋራዡ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ መኪና ከሥር የሚታይበት አንድ ጉድጓድና ብረት የሚያዝባቸው ሁለት ሞርሳዎች ያሉት ነበር። ከጊንጪ እስከ ጌዶ ያለ የመንግሥት መኪና፣ የጤናውም የእርሻውም የትምህርቱም፣ ሲሰበር ወደ እኛ ይጎተታል። ደሞዙ እንደ ደሞዝ ነው። ለአንድ ቡሎን ሦስት ፊርማ ይጠየቅ ነበር፤ ስለ ወረቀቱ ይህን ካልኩ ይበቃል።

የጋራዡ ኃላፊ ኦቦ ሞሲሳ ይባሉ ነበር። አጭር፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ከካኪ ካፖርታቸው ኪስ ሁልጊዜ ጠመኔና አንዲት ትንሽ መዶሻ የማይጠፉ ሰው ናቸው። የተወለዱት በጌዶ በኩል ከብረት ሠሪ ቤት ነው። በዚያ አገር የብረት ሠሪን ልጅ ቱምቱ ይሉታል፤ ማረሻና ማጭዱን ይገዙታል፣ ከሳህኑ ግን አይበሉም፣ ልጃቸውንም አይድሩለትም። እናቴ ሥራ መያዜን ስትሰማ ደስ አላት፤ አለቃዬ የማን ልጅ እንደሆኑ ስትሰማ ግን ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። አብዮቱ እንዲህ ያለውን ነገር ከልክሎ ስለነበር በአፉ የሚናገረው ሰው አልነበረም። ሆኖም ኦቦ ሞሲሳ ምሳቸውን ከጋራዡ ኋላ ባለች አግዳሚ ላይ ብቻቸውን ይበሉ ነበር። እኔም ብቻቸውን ተውኳቸው፣ ለአምስት ወር ያህል። አንድ ቀን ግን ምሳዬን ይዤ ሄድኩና አጠገባቸው ቆምኩ። ወደ ዳር ጠጋ አሉልኝ። ከዚያ በኋላ ምሳዬን ሌላ ቦታ በልቼ አላውቅም።

የአሠራር ልማዳቸው ከማንም አይመሳሰልም ነበር። አንድ መኪና ሲመጣ ኮፈኑን አይከፍቱም፤ መጀመሪያ መንገዱ የሚጎዳው ሰው በሚቀመጥበት ቦታ ይቀመጣሉ። የጭነት መኪና ከሆነ ከላይ ጭነቱ ላይ፣ ፒካፕ ከሆነ ከኋላ ወለሉ ላይ። እንደዚያ ሆነው ሾፌሩ ከተማውን አንድ ዙር እንዲያዞራቸው ያደርጋሉ። ከወረዱ በኋላ ነው ስለ በሽታው የሚያወሩት።

ባሌስትራ ሲሆን ደግሞ ልባቸው ሌላ ነው። ባሌስትራ ማለት እየተደራረቡ የታሰሩ ደጋን መሳይ ረጃጅም ብረቶች ናቸው፤ ረጅሟንና ሁሉን የምትሸከመውን «እናቲቱ» ይሏታል። ፈትተው መሬት ላይ በተራ ይደረድሯቸዋል። ከዚያ በዚያች ትንሽ መዶሻ እያንዳንዷን መታ ያደርጉና ጆሯቸውን ይሰጣሉ። ደኅናዋ ብረት ረጅም ድምፅ ታወጣለች። የተሰነጠቀችዋ «ጠፍ» ብላ ዝም ትላለች፣ ስንጥቁ በዓይን ባይታይም እንኳ። እኔ በአጉሊ መነጽር ፈልጌ ያጣሁትን ስንጥቅ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያገኙት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ስለ ከፍታ ሲነሳ ደግሞ፣ የመኪና ቁመት የሚለካው ስትጾም ሳይሆን ስትበላ ነው ይሉኝ ነበር። ባዶዋን ረጅም የሆነች መኪና ተጭና ምን እንደምትመስል ካላየህ ምንም አላየህም ማለታቸው ነው።

አሁን ወደ መኪናዋ ልምጣ። የጤና ጽሕፈት ቤቱ አንዲት ላንድክሩዘር አምቡላንስ ነበረችው። የጀልዱን ደጋ ከጊንጪ ጋር የምታገናኝ እሷ ብቻ ነበረች። ሾፌሯ ጋሽ በቀለ የአምቦ ሰው ነው፤ ረጅም፣ ዝግተኛ፣ ማርሽ ሲቀይር እጁ የሚያባብል የሚመስል። ከእሱ ጋር የምትሄደው ነርስ ሲስተር ጫልቱ ትባላለች። ከፕሮቴስታንት ቤተሰብ የወጣች፣ ቁጥብ፣ የማትፈልገውን ነገር የማትጠይቅ ሴት ነበረች። ስለዚህ አንድ ቀን እሷ ራሷ ጋራዥ ስትመጣ ነገሩ የምር እንደሆነ ገባን። የክረምቱ ጎርፍ መንገዱን መሐል ለመሐል ከፍሎታል፤ መኪናዋ በሄደች ቁጥር ሆዷ መሬት ይመታል፤ የጭስ ማውጫ ማርሚታዋ ሁለት ጊዜ ተገንጥሏል፤ በመጨረሻው ጉዞ ምጥ የያዛትን ሴት ቃሬዛ ላይ አድርገው ሁለት ሰዓት ቆመው መኪናዋን ከጉብታ ላይ ሲያወርዱ ቆዩ። ትንሽ ከፍ ትበልልን፣ አለች።

ኦቦ ሞሲሳ በማግሥቱ ለአንድ ወር የንቃት ትምህርት አዲስ አበባ ሊሄዱ ተጠርተው ነበር። እስክመለስ ይቆይ አሉ። እኔንም ለብቻዬ ጠርተው፣ ባሌስትራዋን እንዳልነካ ነገሩኝ።

ነካሁት። ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር፣ ዲፕሎማ ነበረኝ፣ ሲስተር ጫልቱ በሳምንቱ እንደገና መጥታ ጠየቀች። ጋራዡ ኋላ የወደቀ አሮጌ የጭነት መኪና ነበር። ከባሌስትራው ወፋፍራሞቹን መርጬ በልካቸው ቆረጥኩና ለአራቱም እግሮቿ ሁለት ሁለት ጨመርኩላት። አንድ ጋት ተኩል፣ ስድስት ጣት ያህል፣ ከፍ አለች። አሮጌዎቹ አሞርዛተሮች አልደርስ ሲሉኝ ከታች ብረት በይጄ አስረዘምኳቸው። ወደ ጎማዎቹ የሚሄደውን የፍሬን ቱቦ አየሁት፤ ጠፍጣፋ መሬት ላይ ቆማ ስለነበር ረገብ ብሏል፣ በቂ መሰለኝ። ጎማዋን በአየር ላይ አንጠልጥዬ ማየት ነበረብኝ። አላየሁም።

መኪናዋ ከጋራዡ ስትወጣ ሰው ሁሉ ቆሞ አያት። እንዲያ ቀጥ ብላ ቆማ አታውቅም። ጋሽ በቀለ አንድ ዙር ነድቷት ተመለሰና፣ ትንሽ ትዘላለች አለኝ። ባሌስትራው አዲስ ስለሆነ ነው፣ እያደር ይለዝባል ብዬ መለስኩለት። በሁለተኛው ጉዞ ማግሥት ሲስተር ጫልቱ መጥታ ይዛው የመጣችው በሽተኛ መንገዱን ሙሉ እንዳለቀሰች ነገረችኝ። ለእሷም ይለዝባል አልኳት። ወፍራም ብረት እድሜ ልኩን አይለዝብም፤ ይህንንም ትምህርት ቤት ሳለሁ ተምሬው ነበር።

በአምስተኛው ጉዞ የሆነውን ያወቅሁት ከጋሽ በቀለና ከሲስተር ጫልቱ አፍ ነው። ከጀልዱ ልጇ በማኅፀኗ ተጋድሞ ምጥ የጠናባትን አንዲት እናት ይዘው ወደ ጊንጪ እየወረዱ ነበር። ቁልቁለቱ መሐል የፊት ግራ ጎማ ጎርፍ የቦረቦረው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ፣ ያ ግትር ባሌስትራ መኪናዋን ወደ ላይ አነጠራት፤ ጎማው ተንጠለጠለ፤ የበየድኩት የአሞርዛተር እግር ተገነጠለ። ጎማው ከልኩ በላይ ሲወርድ የፍሬን ቱቦውን ቀደደው። ጋሽ በቀለ ፍሬን ሲረግጥ እግሩ ወለሉ ላይ አረፈ። በቀኝ በኩል ገደል ነው። በግራ በኩል ያለውን የአፈር ግንብ መረጠና በራሱ ጎን ገጨው።

የአካባቢው ገበሬዎች እናትየዋን በቃሬዛ ተሸክመው እስከ ጊንጪ አወረዷት። እሷ ተረፈች። ልጁ አልተረፈም። ሲስተር ጫልቱ ያለ አደጋውም ላይተርፍ ይችል እንደነበር ነግራኛለች። ይህን ያለችው እውነት ስለሆነ ይሁን ለእኔ አዝና እስከ ዛሬ አላውቅም። የጋሽ በቀለ የግራ ዳሌ ተሰበረ። አጥንቱ ጠማማ ሆኖ ጠገገ፤ እግሩ እንደ እንጨት ደረቀ፤ በግራ እግር የሚረገጠውን ፍሪሲዮን መርገጥ አልቻለም። ከዚያ ቀን በኋላ መኪና አልነዳም።

በሳምንቱ ኦቦ ሞሲሳ ተመለሱ። የተጋጨችውን መኪና አንድ ጊዜ ዞሯት፤ የተቀደደውን ቱቦ በጣታቸው ያዙ፤ የበየድኩትን ብረት አዩት። ይጮኹብኛል ብዬ ጠበቅሁ። መኪናዋን ወደ ጉድጓዱ እንድገፋ ብቻ አዘዙኝ።

ሦስት ሰዎች ያሉበት አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ያ ዘመን ምን ዘመን እንደነበረ የኖረበት ያውቀዋል። ከሦስቱ አንዱ ገና ሳንቀመጥ «አሻጥር» የሚለውን ቃል ተናገረ። ከዚያ ባነሰ ነገር እስር ቤት ገብቶ ያልወጣ ሰው አውቅ ነበር። ሥራውን ማን እንዳዘዘ ተጠየቅን። እኔ ቃል ሳላወጣ ኦቦ ሞሲሳ ተነሡ።

«ጓዶች፣ ከመሄዴ በፊት ትእዛዙን የሰጠሁት እኔ ነኝ። እሱ የታዘዘውን ነው የሠራው።»

የኮሚቴው ሰዎች ወደ እኔ ዞረው እውነት እንደሆነ ጠየቁኝ። ወለሉን አየሁ። አዎ አላልኩም፤ አይደለም ግን አላልኩም። ዝምታዬን እንደ አዎ ጻፉት።

ኦቦ ሞሲሳ ከኃላፊነት ተነሥተው በጌዶ በኩል ባለ የመንገድ ሥራ ካምፕ ተራ ሠራተኛ ሆነው እንዲዛወሩ ተወሰነ። ርክክብ ለመፈጸም ስምንት ቀን ተሰጣቸው። ርክክቡን በአንድ ጠዋት ጨረሱና ካፖርታቸውን አውልቀው፣ «ና ታደሰ፣ ይህችን መኪና እናንሣት» አሉኝ።

እኔ መካኒክ የሆንኩት በእነዚያ ስምንት ቀናት ነው።

መጀመሪያ ያስገደዱኝ የጨመርኩትን ሁሉ እንዳወጣ ነው። ከዚያ ከእርሻ ጽሕፈት ቤት እንደሷ ያለች ሌላ አዲስ መኪና ለግማሽ ቀን ተዋስን። ሁለቱም ላይ እኩል አሸዋ በጆንያ ጫንን፤ ሾፌሩን፣ ነርሷን፣ በሽተኛዋን፣ ሁለት አስታማሚ፣ አንድ በርሜል ውኃና ትርፍ ጎማዎቹን የሚያህል። በጣታቸው ለኩ። የእኛዋ ከአዲሷ ሁለት ጣት ዝቅ ብላ ተገኘች። ከፍ እናድርጋት ብለን የተነሣነው መኪና ከተወለደችበት ቁመት እንኳ ወርዳ ኖሯል። «መጀመሪያ የራሷን እንመልስላት፤ ከዚያ የምንጨምርላት ሦስት ጣት ነው፣ ከሦስት አይበልጥም» አሉ። ከሦስት ጣት በላይ ከሄድን መሪው ይቀላል፣ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው ዘንግ ይጣመማል፣ መኪናዋም በመጠምዘዣ ላይ መቆሟን ትረሳለች። ያ መንገድ ደግሞ ከሦስት ጣት የበለጠ አይጠይቅም፤ ሄደው አይተውት ነበር፣ በእግራቸው።

የራሷን ብረቶች አንድ በአንድ መዶሻ እየመቱ አዳመጧቸው። ሦስቱን ጣሉ። የቀሩትን መስፍ ላይ አጋድመው በቀዝቃዛው እየቀጠቀጡ ደጋናቸውን መለሱላቸው። አንድ ቦታ ላይ ደጋግመው አይመቱም፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ጣት አንድ ጣት እየራቁ ይሄዳሉ፣ ወደ ኋላም እንዲሁ ይመለሳሉ። በእሳት ብናለሰልሰው ይፈጥን ነበር ብዬ ስጠይቃቸው፣ ብረት በእሳት የተማረውን በእሳት ይረሳል አሉኝ። አባታቸው የነገሯቸው ይመስለኛል።

የምንጨምረውን ብረት ሲመርጡ ደግሞ እኔ ከመረጥኩት ተቃራኒውን መረጡ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ከእናቲቱ ትንሽ ብቻ የምታጥር አንዲት ብረት ለእያንዳንዱ። ብዙ ቀጫጭን ብረት ተደራርቦ ሲሸከም አንዱ በሌላው ላይ እየተንሸራተተ ይታዘዛል፤ ጥቂት ወፍራም ብረት ግን ጭነቱን ይሸከምና የመንገዱን ምት እንዳለ ለሰውየው ያስረክበዋል። የብረቶቹን ጫፍ በሞረድ አድበልብለን በመሐላቸው ግራሶ ቀባን።

አሞርዛተር ለመምረጥ ሁለት ቀን ሙሉ ሄደ። ባሌስትራ ይሸከማል፣ አሞርዛተር ያረጋጋል፤ አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም። መኪናዋን በክሪክ አንሥተን ጎማዋን አንጠለጠልን፤ እኔ ያላደረግሁትን ማለት ነው። ተንጠልጥላ ከላይኛው እስከ ታችኛው ማሰሪያ ያለውን ርቀት በገመድ ለኩ። ከዚያ ጭነው እስከ መጨረሻ አስተኟትና ያንንም ለኩ። አሞርዛተሩ ሲዘረጋ ከረጅሙ ገመድ ሊያጥር አይገባም፤ ሲታጠፍም ከአጭሩ ሊረዝም አይገባም። ከመጋዘንና ከወደቁ መኪናዎች የሰበሰብነውን ሁሉ ሞርሳ ላይ አቁመው በእጃቸው ሳቡ፣ ገፉ። ሲገፉት ትንሽ፣ ሲስቡት ብዙ የሚከብደውን ነው የሚፈልጉት። ከየሰባቱ ስድስቱን ጣሉ፤ እኔ ጠንካራ ብዬ ያደነቅሁት አንዱም ከተጣሉት ነበር፣ ለቃሬዛ አይሆንም አሉ። በሰባተኛው ቀን አራት እኩል የሆኑ አገኙ። ከሻንሲው በታች የድሮ ጎማ ቆርጠን መመከቻ አደረግን። የፍሬን ቱቦውን በረጅም ቀየርንና ጎማዋን አንጠልጥለን መሪውን ግራ ቀኝ አዙረን አየነው። አልተወጠረም።

በስምንተኛው ቀን ጠዋት ሲስተር ጫልቱን አስጠሩ። እሷ እንደ ወትሮዋ በቦታዋ ተቀመጠች። ኦቦ ሞሲሳ ካፖርታቸውን አጣጥፈው ትራስ አደረጉና ቃሬዛው ላይ በጀርባቸው ተኙ። መሪውን እኔ እንድይዝ ነገሩኝ። ጀልዱ ደርሰን መልስ ያንኑ ቁልቁለት ልንወርድ ነው።

ወጥተን ስንመለስ ቁልቁለቱ አናት ላይ አቆምኩ። ከኋላ ድምፃቸው መጣ፦ «ያ ታደሰ፣ ሱታ። ሱታ ሱታ።» ቀስ በል ማለታቸው ነው። ወረድኩ። ጋሽ በቀለ የገጨው ግንብ ላይ የመኪናዋ ቀለም አሁንም ነበር። ያ ጉድጓድ ሲመጣ ጎማው ገባ፣ መኪናዋ ጎንበስ አለች፣ ቀና አለች፣ ሄደች። ሆዷ መሬት አልነካም። በመስታወቱ አየኋቸው፤ ዓይናቸውን ጨፍነዋል፣ ሲስተር ጫልቱ ትከሻቸውን በእጇ ይዛለች፣ እንደ በሽተኞቿ ሁሉ።

ጊንጪ ስንደርስ አወረድኳቸው። «ጋሪዳ፣ ደኅና ናት» አሉ። ሲስተር ጫልቱ ውኃ ልትገዛ ራቅ ስትል ጠጋ ብዬ ስለ ኮሚቴው ልናገር ጀመርኩ። አላስጨረሱኝም።

«ልጄ፣ እኔ ስድሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ብረት የትም አገር አለ። አንተ እዚህ ሁንና ይህችን መኪና ጠብቅልኝ።»

በማግሥቱ በጭነት መኪና ላይ ሆነው ወደ ጌዶ ሄዱ። መዶሻዋን ይዘዋት ሄደዋል።

መኪናዋን ጠበቅኋት። ከአሥር ዓመት በላይ በየስድስት ወሩ ባሌስትራዋን ፈትቼ ብረቶቿን አዳምጫለሁ፤ አሞርዛተሯን ሁለት ጊዜ፣ በዚያው በገመዱ ልክ፣ ቀይሬያለሁ። ስንት እናት እንዳወረደች ሲስተር ጫልቱ ታውቅ ነበር፤ እኔ አልጠየቅኋትም። በኋላ የጋራዡ ኃላፊ ሆንኩ። የሆንኩ ቀን እውነቱን ጽፌ ለአዲሱ የአውራጃ ሹም ሰጠሁ። መዝገቡ የተዘጋ ስለሆነ የሚነሣ ነገር የለም የሚል መልስ ተሰጠኝ።

ጌዶ በዓመት አንዴም ሁለቴም እየሄድኩ አያቸው ነበር። ካምፑ ውስጥ የጭነት መኪና ባሌስትራ ሲቀጠቅጡ አገኛቸዋለሁ። ስለ መኪናዋ ይጠይቁኛል፤ ሌላውን ነገር ሳነሣባቸው ወደ ብረታቸው ይዞራሉ። ከጋሽ በቀለ ጋርም አልተለያየንም። ቤቱ ከጋራዡ ሩቅ አልነበረም፤ እሑድ እሑድ እሄዳለሁ። መኪናዋ እንዴት አደረች ይለኛል፣ እንደ ሰው። ዱላውን ተደግፎ በረንዳው ላይ ሲቀመጥ የቀኝ እግሩ ብቻ አንዳንዴ ነዳጅ እንደሚሰጥ ይነቀነቃል። እያየሁት አንድም ቀን እውነቱን ልነግረው አፌን አልከፈትኩም። ትእዛዙን የሰጡት ኦቦ ሞሲሳ ናቸው ብሎ እንደሚያምን ነበር የማስበው። እኔ ባደረግሁት እሳቸውን ሲወቅስ እሰማለሁ ብዬ እፈራ ነበር፤ ወቅሷቸው ግን አያውቅም።

መንግሥት ሊለወጥ አንድ ዓመት ሲቀረው ኦቦ ሞሲሳ ማረፋቸውን ሰማን። ጋሽ በቀለ ልቅሶ ልድረስ አለ። አምቡላንሷ የባሌስትራ ሥራዋን ጨርሳ መንገድ ላይ መሞከር ነበረባት፤ እሷኑ ይዤ ሁለታችን ሄድን። አደጋው ከደረሰ ወዲህ ገብቶባት አያውቅም ነበር። ሲገባ በሩን ይዞ ትንሽ ቆመ።

ልቅሶ ቤቱ ሙሉ ነበር። የካምፑ ሠራተኞች፣ ሾፌሮች፣ ገበሬዎች፣ ከሩቅ የመጡ ሁሉ አሉ። ከአንድ ገበታ ሆነን የቀረበልንን ቀመስን። ባለቤታቸውን አጽናንተን ስንወጣ አጥሩ ጥግ ጋሽ በቀለን አቆምኩት። ዕድሜ ልኬን ያልቻልኩትን እዚያ ቆሜ ተናገርኩ። ትእዛዝ እንዳልነበረ፣ እንዲያውም አትንካ ተብዬ እንደነበር፣ እግሩን የወሰድኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ዝም ማለቴንም።

እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«አውቃለሁ ታደሰ» አለ። «ኮሚቴው ከመቀመጡ በፊት ኦቦ ሞሲሳ ሆስፒታል መጥተው ነገሩኝ። ጉዳቱ ያንተ ስለሆነ ያላንተ ፈቃድ አላደርገውም አሉኝ። ጥፋቱን በራሴ ላይ አድርጌ ልጁን ላውጣው ወይ ብለው ጠየቁኝ።»

ዱላውን ወደ ሌላው እጁ አዛወረና ቀጠለ።

«ያን ቀን አልመለስኩላቸውም። ሳስበው አደርኩ። በበነጋው ተመልሰው መጡ፤ አውጡት አልኳቸው።»

ዱላውን ተቀብዬ፣ በትከሻዬ ደግፌ ወደ መኪናዋ ወሰድኩት።

ያቺ መኪና በዓመቱ በለውጡ ግርግር ወታደሮች ይዘዋት ወደ ምዕራብ ሄዱ፤ የት እንደደረሰች እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ያን ቀን ግን ገና የእኛ ነበረች። ከጌዶ ወጥተን ጠጠሩ ላይ ጥቂት እንደሄድን ፍሪሲዮን ረግጬ ማርሽ ልቀይር እጄን ስሰድ የጋሽ በቀለን እጅ አገኘሁ። ግራ እጁን ማርሹ ላይ አሳርፏል። ወደ እኔ አልዞረም፣ መንገዱን ያያል። እጄን መልሼ መሪው ላይ አደረግሁ። ፍሪሲዮኑን እንደረገጥኩ ያዝኩ፤ እሱ ሦስተኛ አስገባ፤ ለቀቅሁ። እንዲህ ሆነን መጣን። ዳገት ሲመጣ እረግጣለሁ፣ እሱ ይቀንሳል። ወደ ጉደር ቁልቁለቱን ስንወርድ ገና ሳልረግጥ እጁ ሲዘጋጅ ይሰማኛል። አንዴም አልተሳሳትንም፤ ማርሹ አንዴም አልጮኸም።

አምቦ ገብተን ደጃፉ ላይ አቆምኩ። ሞተሩን ላጠፋ ወደ ቁልፉ ስጎነበስ እጁ ከማርሹ ላይ አልተነሣም።

«ትንሽ ወደፊት» አለኝ።

ፍሪሲዮን ረገጥኩ። አንደኛ አስገባ። ቤቱን አልፈን በጊንጪ መንገድ ሄድን።